ድምፅ የሌለው ፓምፕ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ዛሬ ለብቻዬ ጠርቶ አነጋገረኝ። ባሌ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ የሰው ጫማ ያያል። «መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ግን መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። የሚንከባከበው ነገር ፈልጊለት። ነፍስ ያለው ነገር» አለኝ።

ውሻ እንዳልል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ አከራያችን ደግሞ የውሻ ድምፅ ከሰሙ ያብዳሉ። አበባ እንዳልል፣ ባለፈው ወር መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩለት ተክል እሱ እያየው ደርቋል። ዓይኑ እያየው!

ታክሲ ውስጥ ሆነን ነው የመጣልኝ። የባሕር ዓሣ። ዕድሜውን ሙሉ የመርከብ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ከባሕር ሌላ ምን ይናፍቀዋል? ትንሽ የመስታወት ገንዳ፣ ጨዋማ ውኃ፣ ሁለት ዓሣ። እሱ ወደ ባሕሩ መመለስ ካቃተው ባሕሩን ቤቱ ድረስ አመጣለታለሁ። ሐሳቡ ራሱ አስደሰተኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

አብሮት የሚሠራው ጎረምሳው ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው። መርከባቸው ውስጥ ውኃ ገብቶ ጎረምሳው ከታች ቀረ። ድርጅቱ ባሌን «ለዕረፍት» ብሎ ላከው። ዕረፍቱ ትንሿ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እያዩ መቀመጥ ሆነ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ቁስል አይነካካም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

የዓሣ ሱቁ ባለቤት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚኖሩ፣ ገዢ ሲገባ ከወንበራቸው የማይነሡ ሴት ናቸው። የባሕር ዓሣ መጀመር እፈልጋለሁ ስላቸው መነጽሩን አወረዱና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ከዚህ በፊት ምን አሳድገሻል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ጨው በሌለው ውኃ አትጀምሪም?»

«ለባለቤቴ ነው። የባሕር ሰው ነው። ገንዳው ግን ትንሽ ይሁንልኝ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው።»

«ሁሉም ሰው ትንሽ ይሁንልኝ ይላል» አሉ እየተነፈሱ። «ልጄ፣ ትንሽ ገንዳ ትንሽ ሥራ ይመስልሻል። ትንሽ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎ ይበላሻል። ትልቁ ብትሳሳቺ እንኳ ጊዜ ይሰጥሻል።»

መካከለኛውን ወሰድኩ። ማሞቂያ አንድ ትልቅ ልገዛ ስል ሁለት ትንንሽ አድርጊው አሉኝ፤ አንደኛው መጥፋት አቅቶት ቢነድ ዓሣውን እንዳይቀቅለው። ሰማያዊ የሚያበራ መብራት፣ ቆሻሻውን በአረፋ ጎትቶ የሚያወጣ ማጣሪያ፣ የጨው መለኪያ፣ ከባሕር የመጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። ጨዉን ራሳቸው መዝነው ሰጡኝ። «የማዕድ ቤት ጨው የጨመረበት ሰው መጥቶብኝ ያውቃል» አሉ። «ዓሣዎቼን ምን አደረግሻቸው ብሎ የጮኸው እኔ ላይ ነው።»

ፓምፕ ላይ ብዙ ቆየን። ውኃውን የሚያዞረው እሱ ነው፤ እሱ ከቆመ ሁሉም ነገር ይቆማል። ጠንካራውን መረጥኩ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለባትሪም አሳዩኝ፤ ለጊዜው ይቅር አልኩ።

አማቴ ማታ ደወሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ «ውኃ? ደግሞ ውኃ?» አሉ። እርጅና ነው። ነገር ሁሉ ያስፈራቸዋል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሥራ በዝቶብኛል። ክሊኒኩ ውስጥ የሰው የመስማት ችሎታ የምመረምረው እኔ ብቻ ሆኛለሁ፤ ባልደረባዬ ወልዳ ዕረፍት ላይ ናት። ሻይ ክፍል ልገባ ስል የካርድ ክፍሏ ልጅ ለሌላዋ ስትል ሰማኋት፦ «እሷ እንዴት እንደምትችለው እንጃ። እኔ ብሆን እስካሁን አብጃለሁ።» ተመልሼ ወጣሁ። ሻዩም ቀረብኝ።

ምኑን ነው የምችለው? ምንም አልሆንኩም እኮ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ገንዳው መጣ። ሁለት ሰዎች ደረጃውን ሲያወጡት ነፍሴ አልተረፈችም።

ደስ የሚለውን አስቀድሜ ልጻፍ። ባሌ ተነሣ! ማንም ሳይለምነው ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ የውኃ ልክ አስቀምጦ «ዘሟል» አለ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ በገዛ አፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል። ካርቶን ቆርጦ ከጠረጴዛው እግር ሥር ሰካ፣ ደግሞ ለካ፣ ደግሞ ሰካ። እጆቹን አየኋቸው፤ የድሮ እጆቹ ናቸው፤ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። አብረን ጨዉን በባልዲ በጠበጥን፣ መለኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነበበ። «ትንሽ ጨው ጨምሪ» አለኝ። ጨመርኩ።

ከዚያ ፓምፑን ሰካሁት።

እንደ ማንኛውም ፓምፕ ነው፤ መጀመሪያ አየር ስቦ ተንገራገጨ፣ ከዚያ ድምፁ ወጥ ሆነ። ቀና ስል ባሌ በሩ ጋ ነው። «አየር ልቀበል» ብሎ ወጣ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጃኬቱም ጃንጥላውም እዚሁ። መስኮት ላይ ሆኜ አየሁት፤ ማዶ ካለው ሱቅ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ ቆመ።

ሲመለስ ጠብ ጠብ ይላል። «በርዶሃል» አልኩት። «ድምፁ ያስቸግራል» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ድምፁ ከሆነ መፍትሔ አለው።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ሁለት ቀን ሳሎን ወንበር ላይ ተኛ። ገንዳው ያለበትን ክፍል በር ዘግቶ፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ወትፎ።

ከክሊኒክ የድምፅ መለኪያ ተውሼ መጣሁ። ለካሁት። ያን ያህል አይጮህም፤ ከማቀዝቀዣችን ብዙም አይበልጥም። ውጤቱን አሳየሁት። አየኝ። እንዴት እንዳየኝ መጻፍ አልችልም፤ ቋንቋውን እንደማልችል እንግዳ ሰው ነው ያየኝ።

ደደብ ነኝ። ጠንካራውን ፓምፕ ማን ምረጪ አለኝ? ጆሮ የሚመረምር ሰው ስለ ድምፅ ማሰብ አቅቶት!

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ፓምፑን መለስኩ። ባለሱቋ ሌላ ሰጡኝ፤ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅ፣ ትንሽ፣ ጥቁር። እጄ ላይ አድርገው ባልዲ ውስጥ አስነሡት፤ መንዘሩ እንጂ ድምፁ የለም።

«ይኼ ድምፅ የለውም። ሰካሁት አልሰካሁት ብለሽ ትጠራጠሪያለሽ» አሉኝ።

አማቴ ደግሞ ደወሉ። በልጃቸው ድምፅ ፈንታ የእኔን ሲሰሙ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ስለ ጎረምሳው አነሡብኝ። «ያን የመሰለ ሰው» እያሉ። ቶሎ ብዬ ሥራ አለብኝ አልኳቸውና ዘጋሁት።

«ጎረምሳው» ስንለው ነው እንጂ ስድሳን ያለፈ ሰው ነበር። ዘይት ቀያሪ፣ ከባሌ ጋር አንድ ሞተር ክፍል ውስጥ የኖረ። ቤታችን ሲመጣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነበር የሚወጣው፤ ከዚያ በሩ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይስቃል። መጀመሪያ ቀን አንቱ ስለው ተቆጣኝ፦ «ጎረምሳ ደግሞ አንቱ ይባላል እንዴ? ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው?» ከዚያ ወዲህ አንተ ሆነ። ለእኔም።

ይበቃል። ጨው ማለቁን እንዳልረሳ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

አዲሱ ፓምፕ አይሰማም። ክፍሉ ውስጥ ሰማያዊው ብርሃን ብቻ፣ ድንጋዮቹ፣ የሚንቀሳቀስ የማይመስል ውኃ። እኔ እንኳ ደስ አለኝ።

ባሌ ገባ። ተቀመጠ። ተመስገን ልል ስል ተነሥቶ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ።

«ምን ሆነ?»

«ይሠራል?»

«ይሠራል። አየው፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለው የባሕር ቅጠል ይወዛወዛል።»

«አይሰማም እኮ።»

«እንዳይሰማ ነው የገዛሁት!»

«ቆሞ ቢሆንስ? በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ዛሬ ከፍ አደረገ።

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋለ። መዳፉን ይጭናል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ይቀመጣል። ሲጮህ አልወደደም፣ ዝም ሲል አልወደደም። እኔስ ምን ላድርግ? በየቀኑ አዲስ ፓምፕ ልግዛ?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ታሞ ነው። ትዕግሥቴ እያለቀ ነው፤ ምን ዓይነት ሚስት ነኝ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

አንድ ነገር አሰብኩ። ሲጠሩት አይሰማም፣ ያልተባለ ነገር ደግሞ «ምን አልሽ?» ይላል። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲጮህበት የኖረ ሰው ነው፤ ጆሮው ተጎድቶ ይሆናል። ሥራ ሲያልቅ ወደ ክሊኒክ አስመጣሁትና ድምፅ የማይገባበት ክፍል አስገብቼ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ለታካሚ ሁሉ እንደምለው አልኩት፦ «በጣም ትንሽም ቢሆን ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን። ካልሰማህ አትጫን።»

በመስታወቱ ማዶ ሆኜ አየዋለሁ። ድምፁን ላክሁ፤ ተጫነ። ዝቅ አድርጌ ላክሁ፤ ተጫነ። ጆሮው የልጅ ጆሮ ነው። ከዚያ እንደ ልማዴ፣ ታካሚው በግምት እየተጫነ እንዳይሆን ምንም ሳልልክ ዝም አልኩ።

ተጫነ። ሦስት ጊዜ። ቆም አለ። እንደገና ሦስት ጊዜ። ቆም። ሦስት ጊዜ። ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ይወርዳል። እኔ ምንም አልላክሁም፤ ማሽኑን ደጋግሜ አየሁ፣ ምንም አልላክሁም። ቁልፉ ሲጫን የምትበራው መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ብልጭ ትላለች።

ሮጬ በሩን ከፈትኩ። «ጨረስን» አልኩት።

ቁልፉ ተበላሽቷል። ሰኞ ለጥገና ሠራተኛው እነግረዋለሁ።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

የጥገና ሠራተኛው ቁልፉን ፈትቶ አየው። «ምንም የለበትም፣ እህቴ» አለኝ። እንደገና እየው አልኩት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዓሣዎቹ ገቡ። ባለሱቋ ውኃውን መርምረው «አሁን ይችላል» ሲሉኝ ነው። ሁለት ናቸው፤ ብርቱካንማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ። የመጡበትን ላስቲክ ውኃው ላይ አንሳፍፈን፣ ቀስ በቀስ ከገንዳው ውኃ እየጨመርን አለማመድናቸው። አንዷ ቶሎ ወጣች። ሁለተኛዋ ድንጋዩ ሥር ገብታ ቀረች።

ባሌ ተንበርክኮ ጠበቃት። «ነይ ውጪ» ይላታል በሹክሹክታ። «ነይ ውጪ። ክፍት ነው እኮ።»

አንጀቴን በላው። ከመጣ ወዲህ እንዲህ አድርጎ ያነጋገረው ነገር የለም። ሐኪሙ እውነቱን ነው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሌላ ሰው ሆኗል! ማመን አልቻልኩም። ጠዋት ስነሣ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ለብሶ ጠበቀኝ። ሱቁ አብረን ሄድን። ባለባትሪውን ፓምፕ ገዛ። ከዚያ ሌላ ተጠባባቂ፣ ባትሪው ራሱ ቢያልቅ የሚሠራ። ከዚያ ውኃው መዞር ሲያቆም የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ራሱ እሠራለሁ ብሎ ሽቦና ትንንሽ ዕቃ ሰበሰበ። ባለሱቋ መነጽራቸውን አውርደው «ሁለት ዓሣ ነው ያላችሁ ወይስ ወደብ?» አሉት። እሱ አልሳቀም። እኔ ስለ ሁለታችን ሳቅሁ።

አማቴ ጋ ራሴ ደወልኩ፦ «ልጅዎ ተነሥቷል! ይሠራል፣ ይወጣል፣ ይገባል!» አልኳቸው። «ይተኛል?» አሉኝ። ይተኛል አልኳቸው።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

አይተኛም። ቆሞ ይበላል። ሳህኑን ይዞ ገንዳው አጠገብ።

ጊዜያዊ ነው። አዲስ ነገር ሲጀምር ሁሌም እንዲህ ነበር።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

አማቴ ሳይነግሩኝ መጡ። ደረጃውን እየተደገፉ ወጥተው፣ ልጃቸውን አይተው ማዕድ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው።

«ልጄ ከሳ» አሉኝ።

«እየተሻለው ነው፣ እማማ። ቢያዩት ከሰኔ ጋር አይገናኝም።»

«ዓይኑን አይተሽዋል?»

«ሥራ ይዞ ነው እኮ፤ ሐኪሙ ራሱ…»

«ሐኪሙን ተዪው። እኔ የምጠይቅሽ አንቺን ነው። ዓይኑን አይተሽዋል ወይ?»

ተናደድኩ። አፌን ሞልቼ መለስኩላቸው፤ እኔ ነኝ አብሬው የምኖረው፣ እኔ ነኝ የማስታምመው፣ በስልክ መምከር ቀላል ነው አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ሲሄዱ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ያ ደግሞ ከስድብ የባሰ ሆነብኝ። በሩን ዘግቼ ማሞቂያዎቹን ለማየት ገባሁ። ማሞቂያዎቹ ደህና ናቸው። ጨዉ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

የሆነውን እንዳለ ልጻፍ፤ ነገ እንዳላሳምረው።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይመታ ነበር። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ። መብራት ጠፋ። ባሌ የሠራው ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አለ፤ ባለባትሪው ፓምፕ ተነሥቷል ማለት ነው። ሁሉም እሱ እንዳሰበው ሠራ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ሄድኩ።

መሬት ላይ ተንበርክኳል። አንድ እጁ እስከ ትከሻው ውኃው ውስጥ፣ ጆሮው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ውኃው እየፈሰሰ ወለሉን ሞልቶታል። ዓሣዎቹ ጥግ ይዘው ይርበተበታሉ።

«አለ» ይላል። «አሁንም አለ።»

«ማን?»

«ዝም በይ! አለ እኮ! ውጣ! ጎረምሳው፣ ውጣ!»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ልጠጋው ፈራሁ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን የገዛ ባሌን ፈራሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውኃ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ልብሴ ረጠበ። እጁን ከውኃው ለማውጣት አልሞከርኩም። ጀርባው ላይ እጄን አደረግኩ፣ በቃ። ብዙ ቆየን። መብራቱ መጣ፣ ሰማያዊው ብርሃን በራ፣ እሱ ግን አልተነሣም። እንዲያው ድንጋዮቹን እያየ መናገር ጀመረ።

አንድ ቧንቧ ፈንድቶ ውኃ ገባ። ጎረምሳው ከወለሉ በታች ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፣ የቧንቧ መዝጊያ ሊያጠብቅ ወርዶ። ውኃው በሩን ከላይ ተጭኖት አልከፈት አለ። ያለው አንድ መንገድ ውኃውን በፓምፕ መጥጦ መጨረስ ነው። ባሌ ፓምፑን አስነሣ። ፓምፑ ጥሩ አልነበረም፤ ይሠራል፣ ያስላል፣ ይቆማል።

«ሲሠራ ምንም አልሰማም» አለኝ። «መኖሩን፣ መሞቱን፣ ምንም። ሲቆም ይሰማኛል። ከሥር በብረት ያንኳኳል። ሦስት ጊዜ። ያርፍና ሦስት ጊዜ። እኔ አለሁ ማለቱ ነው። ፓምፑን አስነሣለሁ፣ ድምፁ ይጠፋል። ፓምፑ ይቆማል፣ ያንኳኳል።»

«አንተ የምትችለውን አድርገሃል» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

«መጨረሻ ላይ» አለ፣ «ፓምፑ ውኃ አይስብም ነበር። አውቃለሁ፤ እጄን አድርጌ አይቻለሁ፣ የሚወጣ ውኃ የለም። እኔ ግን ደግሜ አስነሣሁት። ደግሜ። ውኃውን ላወጣ ነው ወይስ እሱን ላለመስማት? ይህን ነው የማላውቀው። ንገሪኝ እስቲ።»

አልነገርኩትም። አላውቅም።

ሰኔ ላይ አማቴ «ደግሞ ውኃ?» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ዝናቡ ውስጥ ሲቆም አይቻለሁ። የዚያ ቁልፍ ብልጭታ ምን እንደሆነ… አይ፣ እዚያ ላይ አልዋሽም፤ ሦስት ሦስት ጊዜ መሆኑን ጽፌዋለሁ፣ የሰው ጣት እንጂ ብልሽት እንዲያ እንደማይቆጥርም አውቃለሁ። ማወቅ ግን አልፈለግኩም። ፓምፕ መምረጥ ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጠዋት ራሱ «ሐኪሙ ጋ ውሰጂኝ» አለኝ። «ቤት ብቻዬን አትተዪኝ፤ ዛሬ አትተዪኝ።» ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገብቶኛል። ታክሲ ውስጥ እጁን አልለቀቅኩትም።

ሆስፒታል አስተኙት። ልብሱን ከረጢት ውስጥ ከትተው ሰጡኝ። ቀበቶውንም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሥራ ገባሁ። አንዲት አሮጊት መርምሬ ውጤቱን በሌላ ሰው ካርድ ላይ ጻፍኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ አስተካከለችልኝ።

አማቴን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ይቅርታሽን ለራስሽ ያዢው። በልተሻል?» አሉኝ። በልቻለሁ አልኩ። አልበላሁም።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ባለሱቋ ራሳቸው በባልዲና በመረብ መጡ። ሁለቱን ዓሣዎች ለመያዝ ድንጋዮቹን ሁሉ ማውጣት ነበረብን፤ ሱቃቸው ካለው ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይጨምሯቸዋል። ባሌ የሠራውን ማስጠንቀቂያ አንሥተው አገላበጡት።

«እጁ ጥሩ ነው» አሉ። «ልውሰደው?»

«ይውሰዱት።»

ወዴት ሄደ፣ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ደረጃው መሃል ባልዲውን አስቀምጠው ሲያርፉ ግን «የእኔ ሰውዬ ከሄደ በኋላ ነው ሱቁን የከፈትኩት። ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲኖር» አሉኝ። ከዚያ ባልዲያቸውን አንሥተው ወረዱ።

ውኃውን ብቻዬን ቀዳሁ። በባልዲ፣ በባልዲ፣ መታጠቢያ ቤት ወስጄ አፈሰስኩት። ታች ሲደርስ በኩባያ። ክፍሉ ለብዙ ቀን ባሕር ይሸታል መሰለኝ። በሩ አጠገብ ተጥላ የቀረችውን ፎጣ አነሣሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። አዲስ ነገር የለም። ዝናብ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

እንድጠይቀው አልፈቀዱልኝም። ሐኪሙ «ገና ነው፤ ሳምንት ነይ» አለኝ። ያመጣሁትን ፍራፍሬ በነርስ ላክሁለት። መንገዱን ሁሉ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተኝቼ ኖሮ መሽቶ ነቃሁ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ዛሬ አስገቡኝ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የሆስፒታሉ ነጠላ ጫማ ሰፍቶታል። ከስቷል፣ ግን ዓይኑ ሲያየኝ ያየኛል። ሌሊት እንደሚተኛ ነገረኝ፤ መድኃኒቱ ነው። ቀን ከሐኪሙ ጋር ያወራል። መንኳኳቱ አልቆመም፤ አንዳንዴ ግን ይርቃል አለኝ። ሌላ ተስፋ አልሰጠኝም፤ እኔም አልለመንኩትም።

ብርቱካን ላጠና ግማሹን ሰጠኝ። እኔ ወሬዬን ጀመርኩ፤ መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁትን። አማቴ ደህና ናቸው። ጣራው የሚያፈሰው ተጠግኗል። ባልደረባዬ ከወሊድ ተመልሳለች። ዓሣዎቹ ሱቅ ውስጥ ደህና ናቸው፤ አንዷ ወፍራለች። ክፍሉን ቀለም ላስቀባው አስቤያለሁ፤ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል? ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል…

«አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«አንቺ እንዴት ነሽ?»

ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ክረምቱን ሙሉ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «እሱስ እንዴት ነው?» ነው የሚለኝ፤ መልሱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ፣ እየተሻለው ነው እላለሁ። ለዚህኛው ጥያቄ ግን ያዘጋጀሁት አልነበረኝም። እሱ ብርቱካኑን ይዞ ጠበቀኝ፤ አላቻኮለኝም።

«ጎረምሳውን እኔም እወደው ነበር» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም፤ ያልኩት ነገር መኖሩንም እንጃ። አልቅሻለሁ። ድምፄን አውጥቼ፣ ሰው እያየኝ። አይዞሽ አላለኝም፣ አታልቅሺ አላለኝም። ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ሰጠኝ፤ እሱም ያለቅስ ነበር።

ነርሷ የጉብኝት ሰዓት ማለቁን ልትነግረን መጣች። አየችንና ተመለሰች።